የኔታ ያጨበጨቡባት እናት

የኔታ ኃይለ ሚካኤል ዐይናቸውን ፈንጣጣ የወሰደባቸው ገና በልጅነታቸው፣ ደብረ ኤልያስ ሳሉ ነው። ጆሯቸው ግን የዐይኑንም ድርሻ ደርቦ ያዘ። ሠላሳ ዓመት ዜማ አስተምረዋል፤ ከማኅሌቱ መሐል አንድ ደብተራ ቢሳሳት፣ ማን እንደሆነ ስሙን ጠርተው ይገሥጹታል። አንድ አመል ግን አለባቸው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ደብረ ማርቆስ ገበያው ጀርባ ካለው ከሙላት ፊልም ቤት አይጠፉም። «ማየት ለማይችል ሰው፣ ያውም ለየኔታ፣ ፊልም ምኑ ነው?» እያለ የሚያማቸው ሞልቷል። ይማ! እሳቸው ፊልሙን የሚያዩት በሙዚቃው ነው።

ከሁሉ የሚወዱት የዚያን ክንፍ አውጥቶ ከተማ የሚያድን ሰውዬ ፊልም ነው። ፈጣኑ ከበሮ ሲመጣ «በረረ!» ይላሉ፤ እውነትም በርሮ ይገኛል። ከበሮ ሲፈጥን ደግሞ፣ ማኅሌት ላይ እንደለመዱት፣ እጃቸው ራሱ ለጭብጨባ ይነሣል። ክፍል ሁለትን ሁለት ዓመት ሙሉ ጠብቀውታል።

ፊልሙ የመጣ ዕለት የኔታ ተዝካር ሄደው አመለጣቸው። ያን ቀን ተመልካቹ ሙላትን ሊበላው ደረሰ። የባሰው ባለ ባጃጁ አወቀ ነበር። «ያ ሙዚቃ የት ገባ? ይሄ ምን ሙሾ ነው? ፊልሙን ገደሉት እኮ!» ሙላትም ደንበኛ ከሚቀየመው ፊልሙ ቢበላሽ የሚመርጥ ሰው ነውና፣ ንግግር በሌለበት ቦታ ሁሉ የክፍል አንዱን ከበሮ በኮምፒውተር ለጠፈበት።

በሳምንቱ የኔታ መጡ፤ የፊት ወንበር ተለቀቀላቸው። ከፊልሙ መሐል ንግግሩ ቆመና ከበሮው ፈነዳ። የኔታም «በረረ! እሰይ የኔ አንበሳ!» ብለው ብድግ አሉና አጨበጨቡ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

«ኧረ የኔታ፣ እናቱ ሞታበት እያለቀሰ እኮ ነው!» አለ አወቀ፣ ሳቁ እያደናቀፈው።

የኔታ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ፊታቸው ጠቆረ።

«እናት በሞተችበት ይህን ከበሮ የሚመታ ምን ዓይነት አረመኔ ነው?»

ሙላት እየተንተባተበ የሠራውን ተናዘዘ። ያን ጊዜ የኔታ በመቋሚያቸው ወለሉን መቱት። «አንዴ ታውሬያለሁ፤ አንተ ደግመህ ታሳውረኛለህ? በል የራሱን ሙዚቃ አምጣ! ያንን ሥዕልም ሸፍነው፤ ዛሬ ሁላችንም በጆሮ እናያለን!»

ሙላት በድንጋጤ ነጠላውን ቴሌቪዥኑ ላይ ጣለና ያንኑ ቦታ በራሱ ሙዚቃ ከፈተው። ከበሮ የለም። አንድ መሰንቆ የመሰለ ድምፅ ብቻውን፣ ቀስ እያለ፣ እያረፈ ይሄዳል። አወቀ ጥቂት አዳመጠና «ቆይ፣ ይሄ... የበፊቱ ዜማ አይደለም እንዴ?» አለ።

«ነው እንጂ! እኛስ ማኅሌት ላይ መጀመሪያ ያለ ከበሮ፣ በዝግታ እንል የለ? መጨረሻ በከበሮና በጭብጨባ የምናነሣው ያንኑ አይደል? ሙዚቃውን የደረሰው ሰው የጀግናውን ዜማ ከእናቱ ሬሳ አጠገብ ቀስ አድርጎ አቆመው። እናንተ ሳትሰሙ 'ጠፋ' ብላችሁ የሰው ድካም ጣላችሁ! ደፋሮች!»

አወቀ ጎንበስ ብሎ «ይቅር ይበሉኝ፣ የኔታ» አለ።

«ይቅርታህን አቆየው። ሙላት፣ ከመጀመሪያው አጫውተው» አሉና ተቀመጡ። «ያችን እናት አጨብጭቤባታለሁ። አሁን በወጉ ልቅበራት።»