እናቴ ያልቋጠረችው ስንቅ

ትናንት ጠዋት ጎረቤቴ የሺ ስልኳን ይዛ መጣች። ባለቤቷ ማሞ ከተኛ ሰንብቷል። አዲስ አበባ ያለው ልጃቸው እንዲመጣ ልትደውልለት ፈልጋ ምን ልበለው ትለኛለች። «አባትህን ትንሽ አሞታል፣ ና ብለውስ?» አለችኝ። ተይ፣ እንደሱ አትበዪ አልኳት። ለምን አለችኝ። ነገሩ የሩቅ ነው፤ የሚጀምረውም ከብስክሌት ነው።

ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ። ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደግሜ ከዚያ አላለፍኩም፤ መሐል ሜዳ ከተማ ብስክሌት የሚያከራይ ሰው ዘንድ ጎማ እለጥፍ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ተሾመ ቆላ ወርዶ አዋሽ ዳር የጥጥ እርሻ ላይ ይሠራል። እናታችን ክረምቱን በሙሉ ታማ ተኛች። መስከረም ሲጠባ አንድ ነገር ብቻ ትል ጀመር፤ «ተሾመን ሳላየው እንዳልሄድ።»

ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት መኪና አይወጣም፣ አይወርድም። አሠሪዬን ብስክሌት ለመንኩት። ብስክሌቱ ይመለስ እንጂ አንተ እንደፈለግህ ብሎ እየሳቀ ሰጠኝ። እህቴ አስካለ በሶና ዳቦ ቆሎ በጨርቅ ቋጥራ ከኋላ አሰረችልኝ። ለመንገደኛ ስንቅ የምትቋጥረው ሁልጊዜ እናታችን ነበረች፤ ያን ቀን ግን እጇ እምቢ አላት።

በሞላሌ አድርጌ ጣርማ በር ስደርስ ጉሙ የብስክሌቱን መሪ እንኳ አያሳይም። ከዚያ ቁልቁለቱ ነው፤ ፍሬኑ እየጮኸ ደብረ ሲናን አለፍኩ። ሮቢት ስደርስ የለበስኩትን የሱፍ ባና አውልቄ ከስንቁ ላይ አሰርኩት። የደጋ ሰው ሙቀት ምን እንደሆነ የሚያውቀው እዚያ ሲደርስ ነው።

ከሮቢት ወዲያ በረሃው ይጀምራል። መንገድ የሚባለው መኪና ትቶት የሄደው መስመር ነው። ግራሩ ጥላው ስስ፣ እሾሁ ብዙ። የጎማ ማጣበቂያው ማስቲሽ ሲያልቅብኝ የውስጡን ከመነዳሪ ከጎማው አውጥቼ የተበሳበት ላይ በክር አሰርኩትና ነዳሁ። ከብስክሌቱ ካቴና ድምፅ በቀር የሚሰማ የለም። ለተሾመ የምለውን ብቻዬን እለማመድ ነበር። ግመል የሚጠብቁ አንድ የአፋር ሽማግሌ ብስክሌቱን አይተው ሳቁና ወተት አጠጡኝ። የጋራ ቋንቋ አልነበረንም። በበትራቸው የእርሻውን አቅጣጫ ጠቆሙኝ፤ ፀሐዩን አሳይተውም በእጃቸው ቁጭ በል አሉኝ። ቀኑን ጥላ ፈልጌ ዋልኩ፣ ሲበርድ ነዳሁ። እርሻው የደረስኩትም ጎህ ሲቀድ ሆነ።

ምነው ቀትር ላይ በደረስኩ። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው ንጋት ላይ ነው። ሩቅ ላለ ሰው ደግሞ ሞተ አይባልም፤ ትንሽ አሞታል ተብሎ ነው ወደ ቤቱ የሚጠራው። ይህን የማያውቅ የመንዝ ሰው የለም።

ተሾመን ፊቱን ሲታጠብ አገኘሁት። አቧራ ለብሼ ሲያየኝ ውሃው ከእጁ ፈሰሰ።

«እማዬ ናት?»

«ታማለች። ልየው ብላ ነው የላከችኝ።»

ዓይኑ ስንቁ ላይ አረፈ። ቋጠሮውን በጣቱ ሲነካው ላላ። የእናታችን ቋጠሮ በጥርስ ካልሆነ አይፈታም ነበር።

«ማነው የቋጠረው?»

«አስካለ።»

ሌላ አልጠየቀኝም። መሬት ላይ ተቀምጦ ጮኸ።

አብረውት የሚሠሩ የአገራችን ልጆች ሮጠው መጡ። አልሞተችም፣ ማርያምን አልሞተችም ብዬ ብምል የሚሰማኝ ጠፋ። የሠራተኞቹ አለቃ ካቦው የግሼ ሰው ናቸው፤ ትከሻዬን ይዘው «በቃ ልጄ፣ አደራህን ተወጥተሃል። ከእንግዲህ አትድከም» አሉኝ። ሸራ ወጥረው ሐዘን አስቀመጡት። ብምል ባለቅስ፣ ለቅሶዬም እንደ ማስረጃ ተቆጠረ። ተሾመ ቀብሩማ አልፏል፣ ሠርቼ ለአርባዋ እደርሳለሁ አለኝ።

ብቻዬን ብስክሌቱን እየገፋሁ ዳገቱን ወጣሁ። እናቴ በሕይወት ነበረች። ስገባ የምታየው እኔን አልነበረም፤ ከኋላዬ በሩን ነው።

«የታል?»

«እየመጣ ነው» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ውሻ በጮኸ ቁጥር አንገቷን ቀና ታደርግ ነበር።

ተሾመ ራሱን ተላጭቶ፣ የተዝካር በግ እየጎተተ፣ እሱ በቆጠረው አርባ ቀን መጣ። ቤት ሳይገባ በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ነበር የሄደው። ተከትዬ ስደርስ ከመቃብሩ አፈር አፍሶ ይዟል። አፈሩ ገና አዲስ ነበር።

«መቼ ነው?» አለኝ።

«ባለፈው እሑድ ቀበርናት።»

በጉ አጠገባችን ሣር ይግጥ ነበር።

ተሾመ እስኪሞት ድረስ አንድ ቀን አልወቀሰኝም። ብቻ ስንቅ ሲቋጠር ካየ ተነሥቶ ከቤት ይወጣ ነበር።

ይህን ሁሉ ለየሺ አልነገርኳትም። ደውይና ስልኩን ለማሞ ስጪው፣ ራሱ ያናግረው ብያት አብሬያት ሄድኩ። ማሞ ትራሱን ተደግፎ በደከመ ድምፅ «አንተ፣ ጠፋህሳ። ና እንጂ» አለው። ሳልም ያዘው። በወዲያ በኩል ልጁ ዛሬውኑ እነሣለሁ ሲል ሰማሁ።

ወጥቼ የድንጋይ ካቡ ላይ ተቀመጥኩ። ያኔ የእናቴን ድምፅ የማደርስበት ነገር አልነበረኝም። የነበረኝ ብስክሌትና የእህቴ ቋጠሮ ነው።