በመጋዘኑ ውስጥ የመረጥናት

የመጡት ጠዋት ነው። ቆቦ ገበያ ጥግ ባለችው የስፌት ሱቄ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ ነበር። ሁለት ሆነው ገቡ፤ አንደኛው ሲቪል ለብሷል፣ ሌላው ፖሊስ ነው። ፖሊሱን አውቀዋለሁ። ለሠርጉ የገዛውን ሱሪ ያሳጠርኩለት እኔ ነኝ። ቀና ብሎ ግን አላየኝም።

«እህቴ፣ ለአንድ ጥያቄ ትፈለጊያለሽ» አለኝ ሲቪሉ።

«እዚሁ ጠይቁኛ።»

«እዚህ አይጠየቅም።»

ጨርቁን ከማሽኑ ሳላወጣ ተነሣሁ። ለአንድ ጥያቄ ሱቅ አይዘጋም ብዬ ነው።

መኪናው ውስጥ መሀል አስቀመጡኝ። አስፋልቱን ለቀን ኮረኮንች ስንገባ፣ ወደ ጎብዬ ይሁን ወደ ዋጃ መሄዳችን ጠፋብኝ። ተወልጄ ያደግኩበት ሜዳ ነው። ያን ቀን ግን የዞብል ተራራ እንኳ ያለ ቦታው የቆመ መሰለኝ።

ለምን እንደታሰርኩ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። የምገምተውን ልናገር። ከጦርነቱ በኋላ፣ ከመጠለያ ካምፕ የተበተኑ ጥቂት ኤርትራውያን ስደተኞች ሰፈራችን ውስጥ ቤት ተከራይተው ይኖሩ ነበር። አንዷ እኔ ጓሮ ያለችውን ክፍል ይዛ ፀጉር ትሠራ ነበር። አንድ ሰሞን «ስደተኛ ያከራየ ያስወጣ» ተብሎ በቃል ተነገረ፤ ወዲያው ደግሞ ማፈስ ተጀመረ። እኛ ጥቂት ጎረቤቶች፣ አንድ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ አንድ ሐጂ፣ አንድ የባጃጅ ሹፌርና እኔ፣ በሰፈር ስብሰባ ላይ ተነሥተን ሁለት ነገር ጠየቅን። ትእዛዙ ካለ ይነበብልን፤ የተያዙትም ፍርድ ቤት ይቅረቡ። ከዚያ ተራ ገብተን ለታሰሩት ምግብ ማመላለስ ጀመርን። አንድ ጠዋት ምግብ ይዘን ስንሄድ «እዚህ የሉም» ተባልን። የት እንደተወሰዱ የሚያውቅ ሰው አላገኘንም። እየፈለግናቸው ሳለ ነው እኔን የወሰዱኝ።

ያስገቡኝ ክፍል የእህል መጋዘን የነበረ ነው። ጣሪያውና ግድግዳው ቆርቆሮ ነው፤ ሙቀቱ ከላይም ከጎንም ይመጣል። ያረጀ ማሽላና የነቀዝ መድኃኒት ይሸታል። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ድረስ፣ ውስጥ ያሉት ሴቶች መሆናቸውን ያወቅኩት በሳላቸው ነው።

«አንቺ!» አለ ከወደ ጥጉ የማውቀው ድምፅ።

የጓሮዬ ተከራይ ነበረች። ተነሥታ አቀፈችኝ፤ ከዚያ ገፋ አድርጋ ፊቴን አየችው።

«ሓፍተይ፣ እህቴ፣ እኔ እኮ ትፈልጊናለሽ ብዬ ነበር። አንቺም ከገባሽ አሁን ማን ይፈልገናል?»

አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ከሰዓት በኋላ ለጥያቄ ተጠራሁ። ጠያቂው ትሕትና የማይጎድለው ሰው ነው፤ ወንበርም ሰጠኝ።

«የት ተወለድሽ?»

«ዋጃ።»

«ዋጃ» አለና ጻፈ፤ አማራና ትግራይ የሚወዛገቡባት ከተማ ናት። ያልጠየቀኝን ነገር የመለስኩለት መሰለኝ።

«ትግርኛ ትችያለሽ?»

«ለገበያ ያህል።»

«እንግዲያው አንቺ ያስጠጋሽ ነሽ ወይስ የተጠጋሽ?»

የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። መታወቂያዬ ቦርሳዬ ውስጥ እንዳለ፣ ቦርሳዬም ሲያስገቡኝ እንደተወሰደ ነገርኩት። «እናጣራለን» አለ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ሲቆጥሩን ከስደተኞቹ ጋር ይቆጥሩኛል፤ ማታ ደግሞ ከአገር ሰዎቹ ጋር። እኔም ቆይቼ በየትኛው ወገን እንደምቆም ተምታታብኝ። ሲጠሩ ዝም ብዬ መሀል እቆም ነበር።

የማልረሳው ቀን የውሃው ጉዳይ የተነሣበት ነው። ውሃ የሚገባልን ጠዋት ጠዋት በአንድ ጀሪካን ነበር። የምታካፍለው ካቦ ናት፤ በእስር ቤት የክፍል ተጠሪ ማለት ነው። ካቦዋን የመደቧት ፖሊሶቹ ናቸው። መጀመሪያ ለራሷና ለወዳጆቿ ትቀዳለች፤ የቀረው ለሌላው ይንጠባጠባል። ከበሩ ሥር፣ ነፋስ በሚገባበት፣ የሚተኙትም እሷና ወዳጆቿ ነበሩ። ያን ቀን ካቦዋ ተፈታች። ጠባቂያችን፣ ወፈር ያለች ሴት ፖሊስ፣ ጀሪካኑን አስገብታ «እስክመለስ አንድ ሰው ምረጡና ጠብቁኝ» ብላ ወጣች። ከልቧ ይሁን ለአፏ አላወቅንም።

ሁሉም ባንዴ ተናገረ። አረቄ ስትሸጥ የተያዘች የጎብዬ ሴት «እኔ እሆናለሁ፤ ሰው ማስተናገድ አውቃለሁ» አለች። ሌሎቹ የጓሮዬን ተከራይ ጠሩ። ለታመመ ውሃ ስታቀርብ፣ ከራሷ ድርሻ ስትቀንስ አይተዋታል። እሷ ግን እጇን አወናጨፈች።

«እኔ የሰው አገር ሰው ነኝ። መምረጥም አይገባኝ፣ መመረጥም።»

አረቄ ሻጯ «ልክ ናት፤ ነገር አትፈልጉባት» አለች። በክፋት አልነበረም። እኔ ራሴ ልክ ትሁን አትሁን ግራ ገባኝ። በሰፈር ስብሰባ ላይ ስለ ስደተኞች መብት በልበ ሙሉነት የተናገርኩት ሴት፣ እዚያ ሙቀት ውስጥ አንዲት መልስ አጣሁ።

መልሱን የሰጡት በልጃቸው ምክንያት የታሰሩ አንዲት የዞብል አሮጊት ናቸው። መስገጃቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ ዞር ሳይሉ ነው የተናገሩት።

«ይቺ ልጅ ውሃ አትጠጣም እንዴ?»

«ትጠጣለች እንጂ፣ እማማ።»

«ከዚሁ ጀሪካን?»

«ከዚሁ።»

«ወላሂ፣ እንግዲያው ከዚህ ወዲያ ምን ትጠይቁኛላችሁ? የምትጠጣ ትመርጣለች። ያመንናትም ትቀዳለች።»

እጅ ማውጣት ፈራን። እርስ በርስ የምንጣላበት ቦታ አልነበረም። ከወለሉ ስንጥቅ ማሽላ ለቅመን ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ፍሬ አደልን። አሮጊቷ ነጠላቸውን ጥግ ላይ ወጠሩ፤ ከኋላው ሁለት ኩባያ ተቀመጠ፤ የግራው የአረቄ ሻጯ፣ የቀኙ የስደተኛዋ። አንድ በአንድ እየገባን ጣልን። አንዳንዷ ስትወጣ ትስቅ ነበር። አንዷ እያለቀሰች ወጣች፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅናትም። የጓሮዬ ተከራይ ስትገባ ቆየች። ፍሬዋን ለአረቄ ሻጯ እንደጣለችላት ኋላ ነገረችኝ።

ሲቆጠር የቀኙ በለጠ። አረቄ ሻጯ ትንሽ አኮረፈች፤ ከዚያ «በሉ እንግዲህ፣ ጠምቶኛል» አለች። ሁላችንም ሳቅን።

ሳቁን ሰምታ ነው ጠባቂዋ የተመለሰችው።

«ማን ሆነች?»

የጓሮዬ ተከራይ ቆመች።

«ይቺ ስደተኛ ናት። አይሆንም። ሌላ።»

«መርጠናል፣ ልጄ» አሉ አሮጊቷ።

ጠባቂዋ አለቃዋን ጠርታ መጣች። አለቃው ኩባያዎቹን አየ፤ ማሽላውን አየ፤ እኛን አየ። ከሁላችን ይልቅ የተደናገረው እሱ ይመስለኝ ነበር።

«ይህን ምርጫ ያደራጀው ማነው?»

እንደምናገር አላሰብኩም ነበር።

«ምረጡ ያለችን እሷ ናት» አልኩና ወደ ጠባቂዋ ጠቆምኩ።

ጠባቂዋ ፊቷ ተለዋወጠ። አለቃው ወደ እሷ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። የሚመታኝ መስሎኝ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። እሱ ግን የውሃ መቅጃውን ጣሳ ከመሬት አንሥቶ ሰጠኝ።

«አንቺ የተማርሽ ትመስያለሽ። ካቦ አንቺ ነሽ። አለቀ።»

ጣሳው እጄ ላይ ነው። ሴቶቹ ያዩኛል። ካቦ የሆነ ከበሩ ሥር ይተኛል፤ ካቦ የሆነ ቶሎ ይፈታል ይባላል። ያን ሁሉ አሰብኩ። ከዚያ ዞር ብዬ ጣሳውን ለተመረጠችው ሰጠኋት፤ ወዲያው ተቀመጥኩ። እሷም አለቃው ፊት ጎንበስ ብላ ጀሪካኑን ከፈተችና መጀመሪያ ለአሮጊቷ ቀዳች።

«ቢስሚላህ» አሉ አሮጊቷና ጠጡ።

አለቃው ሲጠጡ አያቸው። ከዚያ ወጣ። በሩ ከወትሮው በቀስታ ተዘጋ። ለምን እንዳልቀጣን አላውቅም፤ ምናልባት ምን ብሎ እንደሚቀጣን አልመጣለትም።

እሷ እዚያ እስከቆየች ድረስ ውሃው በእኩል ተካፈለ። አንድ ቀን ስደተኞቹን ጠርተው የጭነት መኪና ላይ አወጧቸው። እኔም ከእነሱ ጋር ተጠርቼ ወጥቼ ነበር፤ መኪናው ጋ ስደርስ አንዱ «ይቺ አይደለችም» ብሎ መለሰኝ። መመለሴ ያስደስተኝ ያሳዝነኝ እንደነበር ዛሬም አልለየሁትም። እሷ ከመኪናው ላይ ሆና እጇን አነሣችልኝ። መኪናው ወዴት እንደዞረ ከግቢው አይታይም ነበር።

እኔን ያለ ክስ ለቀቁኝ። «ሂጂ» ነው ያሉኝ። አንድ ጥያቄ ያሉኝ የትኛው እንደነበረ ልጠይቃቸው ፈልጌ ነበር፤ ተውኩት።

አሁን ሱቄን እከፍታለሁ፣ እሰፋለሁ። ጡረተኛው አስተማሪና ሐጂው ዛሬም በስብሰባ ላይ ያንኑ ሁለት ነገር ይጠይቃሉ፤ እኔም አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ድምፄ ግን እንደ ድሮው ቀጥ ያለ አይደለም። ስናገር መሀል ላይ እቆማለሁ፤ ሰው የረሳሁ ይመስለዋል።

አልፎ አልፎ ፖሊስ ጣቢያ እየሄድኩ ፀጉር ሠሪዋና ሌሎቹ ስደተኞች የት እንደደረሱ እጠይቃለሁ። በቅርቡ መቀበያው መስኮት ላይ አዲስ ሠራተኛ አገኘሁና ስለ እሷ ጠየቅኩት።

«ዘመድሽ ናት?» አለኝ።

«አይደለችም።»

«ታዲያ ምንሽ ናት?»

ጎረቤቴ ልለው ነበር፤ ተከራዬ ልለው ነበር። ሁለቱም እውነት ነው።

«ተጠሪዬ ናት» አልኩት።

ብዕሩን አስቀምጦ አየኝ። የተረዳኝ አልመሰለኝም። «ቁጭ በይ» ብሎኝ ወደ ውስጥ ገባ። መልስ ሊያመጣልኝ ይሁን ሰው ሊጠራብኝ አላወቅኩም።

ቁጭ አልኩ።