የኦቦ ገርባ ሽቦ

ጥሩሰው በጦር ሠራዊት የሬዲዮ መገናኛ ሠራተኛ ነበር። ጡረታ ወጥቶ ሰበታ ከገባ ወዲህ ግን የሚተዳደረው የቴሌቪዥን አንቴና እየተከለ ነው። በ1962 ዓ.ም. ክረምቱ እንደወጣ ጨርቅ ነጋዴው አብዱሰመድ ቴሌቪዥን ገዛና አስጠራው። አብዱሰመድ ከነቤተሰቡ የሚኖረው አንድ የኪራይ ፎቅ ቤት ላይኛው ክፍል ውስጥ ነበር።

ስርጭቱ የሚጀምረው ማምሻውን ስለሆነ አንቴናም የሚስተካከለው ያኔ ነው። ጥሩሰው ቀኑን ቡራዩ ሌላ ጣራ ላይ ውሎ ስለመጣ ጉልበቱ ዝሏል። ቆርቆሮው ላይ ቆሞ ምሰሶውን ያዞራል፤ የአብዱሰመድ ሚስት ረምዚያ በመስኮት ብቅ እያለች ትጮሃለች።

“መጣ! መጣ! ... ውይ፣ ሄደ! ትንሽ ይመልሱት!”

ከብዙ ልፋት በኋላ ሥዕሉ የጠራው ከጣራው አንደኛው ጥግ ላይ ብቻ ነበር። እዚያ ደግሞ የሌላ ሰው ሽቦ ተወጥሯል። ፈትቶ ጠቀለለውና ምሰሶውን በቦታው አሰረ።

ወርዶ መሣሪያውን ሲሰበስብ ከምድር ቤት የምትኖረው ድንቅቱ ደረጃውን ወጥታ መጣች።

“ጋሼ፣ ጣራው ላይ የነበረውን ሽቦ አነሱት እንዴ?”

“አዎ። የናንተ ነው?”

“የኛ ነው። ሬዲዮው ጣቢያ መያዝ አቆመ። ባሌ ‘ማል ታኤ? ምን ሆነ?’ እያለ ይጠይቀኛል። እሱ እንደሆነ ከአልጋ ከዋለ ሁለት ዓመቱ ነው።”

“ደክሞዎታል፣ ነገ ይሥሩላት” አለች ረምዚያ።

ጥሩሰውም እሺ ሊል ነበር። ነገ ግን ሱሉልታ ቀጠሮ አለበት። ድንቅቱን ተከትሎ ወረደ። ባሏ ኦቦ ገርባ እጁን ሬዲዮው ላይ ጭኖ ተኝቷል። የሚንሿሿውን ድምፅ እንኳ አላጠፋውም።

ጥሩሰው ባትሪውን አብርቶ፣ በየደረጃው እያረፈ ተመልሶ ወጣ። ሽቦውን ከሌላኛው ጥግ እስከ ግቢው ባሕር ዛፍ ወጠረው። ከታች የዜና አንባቢው ድምፅ ተሰማ።

“ገለቶማ! እግዜር ይስጥልኝ!” አለ ኦቦ ገርባ ከውስጥ፣ ጮክ ብሎ።

አብዱሰመድ ሥዕሉን ሳያይ እንዳይሄድ ለምኖ ወንበር ሰጠው። ጥሩሰው እስካሁን ለሰው ሲያስተካክል እንጂ ቁጭ ብሎ አይቶ አያውቅም። ተቀመጠ፤ ጥቂት እንዳየ እንቅልፍ ጣለው። ረምዚያ ድምፁን ቀነሰችለት።

በማግስቱ ሱሉልታ አርፍዶ ሲደርስ ደንበኞቹ መሰላሉን አቁመው ጠበቁት።