ማክሰኞን ስጠብቅ

ቃሬዛውን ተቀብዬ ትከሻዬ ላይ ሳደርግ ሰው ሁሉ እያየኝ ነበር። የእናቴ ጎረቤት ምጥ ጠንቶባት፣ ከገደሉ ሥር ካለው መንደራችን አምቡላንስ ወደሚጠብቅበት ወደ ኩልመስክ መንገድ እያወጣናት ነው። ልማዱ የታወቀ ነው። አራት ሰው ይሸከማል፣ ሲደክማቸው ሌሎች አራት ይቀበሏቸዋል። እኔ ከተማ የማስተምር መምህር ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴን ልጠይቅ ስወርድ እንደ እንግዳ ስለሚያዩኝ፣ ጉልበቴን ላሳይ ብዬ ዳገቱ ላይ ከሚቀበሉት ጋር ገባሁ።

ጥቂት እንደወጣን ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ያፏጭ ጀመር። መቶ እርምጃ እንኳ አልሄድኩም። ዓይኔ ጭልም አለብኝ፣ ቃሬዛው በእኔ በኩል ዘመመና ሴትዮዋ ጮኸች። ከኋላ ይከተሉን የነበሩት አጎቴ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ሮጠው ደርሰው እንጨቱን ከትከሻዬ ነጠቁኝ።

«አንተ ልጅ፣ ትንፋሽህን ምን በላው?» አሉኝ፤ መልሴን ሳይጠብቁ ግን ከሌሎቹ ጋር ዳገቱን ተያያዙት።

እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሳልኩ። ምን እንደበላው አውቃለሁ። ደሴ ለመምህርነት ስማር የጀመርኩት ሲጋራ ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቶታል።

ከሰዓት በኋላ ጤና ጣቢያ ስደርስ እልልታ ሰማሁ፤ ሴት ልጅ ተወልዳለች፣ እናትየውም ደህና ናት። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ደስ ሲለኝ መጀመሪያ የማደርገውን አደረግሁ፤ ከግቢው አጥር ውጭ ዞሬ ለኮስኩ። እጇን ልትታጠብ የወጣችው፣ በመምህርነቴ የምታውቀኝ አዋላጅ ነርስ አየችኝ።

«መምህር፣ ይዘዋት ከመጡት ሰዎች ውስጥ ነዎት?»

«ይዣት ልመጣ ነበር» አልኳትና የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ለምን ለእሷ እንደነገርኩ አላውቅም። ሳትስቅ ሰማችኝ።

«ማቆም ይፈልጋሉ?»

«ስንት ጊዜ አቆምኩ፣ ሲስተር። ከአራት ቀን አልፎ አያውቅም።»

«ሳይዘጋጁ ነዋ! ለሠርግ እንኳ ጠላው ስንት ቀን ቀድሞ ነው የሚጠነሰሰው? ዛሬ ይተዉት አልልዎትም። ቀን ይቁረጡ። እስከዚያው ግን እያንዳንዷን ከመለኮስዎ በፊት ለምን እንደሆነ ይጻፉ።»

በነጋታው አንድ ትንሽ ደብተር ኪሴ ከተትኩ። «ከእረፍት ደወል በኋላ» ብዬ ጻፍኩ። «ስብሰባው ስለረዘመብኝ።» «ዝናብ ስለጣለ።» «ዝናቡ ስላባራ።» ሳምንቱ ሲያልቅ ገልጬ ሳነበው አፈርኩ። ከግማሽ በላዩ «እንዲሁ» ይላል። ሃያ ሁለት ዓመት ሲጋራ ከሐሳብ የሚያሳርፈኝ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እንዲሁ ነበር።

ቀኑን ለመቁረጥ ባለቤቴን አማከርኳት። ሁዳዴ ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውት ስለነበር «የጾሙ መግቢያ ዕለት አቆማለሁ» አልኳት። የተቀደሰ ሐሳብ ያመጣሁ መስሎኝ ነበር።

ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝ። «እንዲያ ከሆነ በፋሲካ ዶሮው ሲታረድ አንተም ትለኩሳለህ። ጾም ይፈታል እኮ! ፍቺ የሌለውን ቀን ምረጥ።»

ስለዚህ ማክሰኞን መረጥን። በዓል የማይውልበት፣ ገበያ የሌለበት፣ ማንም ለምንም የማይፈልገው ተራ ማክሰኞ። ሦስት ሳምንት ነበረኝ።

መጀመሪያ ቤት ውስጥ ማጨስ ተውኩ። ባለቤቴ ጋቢዬንና ኮቴን አጥባ አሰጣች፤ የኮቴ ውሃ እንደ ሻይ ጠቁሮ ሲወርድ ጠርታ አሳየችኝ። ቀጥዬ ሲጋራ በነጠላ የምትሸጥልኝ ባለሱቅ ዘንድ ሄጄ «ከማክሰኞ ጀምሮ ብለምንሽም እንዳትሸጭልኝ» አልኳት።

«ጋሼ፣ እኔ ነጋዴ ነኝ» አለችኝ። «የመጣን ሰው አልመልስም። እርስዎ በሌላ መንገድ ይሂዱ።»

ተናደድኩ። ቤቴ ደርሼ ሳስበው ግን ከእሷ የቀና ምክር የሰጠኝ አልነበረም። የራሴን ከባድ ሥራ እሷ እንድትሠራልኝ ነበር የለመንኳት። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ወደ ትምህርት ቤት የምሄደው በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ዞሬ ሆነ፤ ሩብ ሰዓት ይረዝማል።

የቀረኝ ለተማሪዎቼ መናገር ነበር። ከሁሉ የፈራሁት እሱን ነው፤ ስምንተኛ ክፍሎች ያጨሳል ብለው እንደማይጠረጥሩኝ እርግጠኛ ነበርኩ። ሰኞ ዕለት ጠመኔውን አስቀምጬ «ከነገ ጀምሮ ሲጋራ አቆማለሁ። በዚህ ሰሞን ያለ ምክንያት ብቆጣ ታገሱኝ» አልኳቸው።

ከፊት የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እንግዲያው ደብተራችን መሽተት ያቆማል?»

ወስጄ የማርመው ደብተር ሁሉ የእኔን ጭስ ጠጥቶ ወደየቤታቸው ይመለስ ነበር ማለት ነው። እናቷ ሸትቷት እንደጠየቀቻት፣ እሷም የመምህሬ ነው ብላ እንደመለሰች ኋላ ነገረችኝ። ያን ቀን ሁለት ፍሬ ሲጋራ ቀርተውኝ ነበር። ሳላጨሳቸው ሽንት ቤት ጣልኳቸው፤ ላይተሩንም አስከተልኩ።

ማክሰኞ ነጋ። ኪሴን በገብስ ቆሎ ሞልቼ ወጣሁ። የመጀመሪያው ቀን እንደፈራሁት አልነበረም፤ የከፋው ሦስተኛው ነው። እጄ ማረፊያ አጣ፣ ራሴን ወቀረኝ፣ ሒሳብ ሳስተምር ራሴው ተሳሳትኩ። ሰሌዳው ላይ ያለውን ስህተት ያሳየኝን ተማሪ ልጮህበት አፌን ከፈትኩና ቃሌ ትዝ ሲለኝ ዘጋሁት። ልጆቹ ተያይተው ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ማታ ባለቤቴ እግሬን በሙቅ ውሃ አጠበችልኝ። «አራተኛው ነገ ነው» አለችኝ። እሱን አልፌ እንደማላውቅ ታውቃለች። አለፈ።

በስድስተኛው ሳምንት ጋሸና መኪና ስጠብቅ ደሴ አብረን የተማርን ወዳጄን አገኘሁት። ተቃቅፈን ሳንጨርስ ፓኮውን ዘረጋልኝ። ለዳገቱ ተዘጋጅቻለሁ፣ ለቁጣው ተዘጋጅቻለሁ፤ ለናፍቆት ግን አልተዘጋጀሁም። ወሰድኩ። ሁለቴ እንደሳብኩ ልቤን የያዘው ጣዕሙ ሳይሆን የእሱ ፊት ነበር፤ ያረጀ የጓደኛዬ ፊት፣ እንደ እኔው የሚያፏጭ ደረት። መሬት ጥዬ ረገጥኳት።

«ምነው? ከፋችህ?» አለኝ።

«አቁሜያለሁ።»

«አሁን?»

«ስድስት ሳምንቴ ነው። የአሁኗ መንገድ ላይ የገጠመችኝ እንቅፋት ናት። እንቅፋት የመታው ሰው ወደ ቤቱ አይመለስም።»

ቤት እንደገባሁ ለባለቤቴ ነገርኳት፤ ደብቄ ከጀመርኩ ደብቄ እንደምቀጥል አውቃለሁና። አልተቆጣችም። «ነገስ?» ብቻ አለችኝ።

«ነገም አላጨስም» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ክረምት አልፏል። አምሮቱ ጨርሶ አልተወኝም፤ በተለይ ዝናብ ሲያባራ ብቅ ይላል። ሲመጣ ቆሜ አሳልፈዋለሁ። ያ የጋሸናው ወዳጄ ባለፈው ወር ደውሎ «ቀን ቆርጫለሁ፣ ምን ላዘጋጅ?» ሲለኝ «መጀመሪያ ትንሽ ደብተር» አልኩትና ብዙ አወራን።