የናስ ጭስ

ዐወድ አሶሳ ገበያ ጀርባ ባዶ የጥይት ቀለህ እያቀለጠ አምባር የሚሠራ የበርታ ሰው ነበር። ቀለሁ ከሱዳን ድንበር፣ በኩርሙክ በኩል በጆንያ ይመጣለታል። ሚስቱ ዐዋጢፍ ወናፉን ትነፋለች፤ እሱ የቀለጠውን በጭቃ ቅርጽ ውስጥ ያፈሳል። ሃያ ዓመት እንዲህ ኖረዋል። ልጅ ስላልወለዱ ዘመዶቹ ሌላ እንዲያገባ ሲጨቀጭቁት፣ በመጀመሪያ ወናፍ እንደሷ የምትነፋ አምጡልኝ እያለ ያሾፍባቸው ነበር።

እኔ ከጎጃም ተመድቤ የመጣሁ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ክልሉ ገና መቋቋሙ ነው፤ ትምህርት ቤታችን ላቦራቶሪ ቀርቶ በቂ ወንበር እንኳ አልነበረውም። ስለዚህ ተማሪዎቼን ዐወድ ዘንድ ወሰድኳቸው። አንድ ቀለህ አነሳሁና፣ ይህ ናስ ነው፣ ከአሥር እጅ ሰባቱ መዳብ፣ ሦስቱ ዚንክ ነው አልኳቸው። መዳብ ከቆርቆሮ ጋር ሲቀልጥ ነሐስ እንደሚሆን፣ ኪሳቸው ውስጥ ያለው ሃያ አምስት ሳንቲም ደግሞ መዳብና ኒኬል እንደሆነ ጨመርኩ። ዐወድ ይህን ሁሉ ሰምቶ፣ ናስ እሳት ላይ ከቆየ እየቀላ የሚሄደው ለምንድን ነው ብሎ ጠየቀኝ። ዚንኩ በነጭ ጭስ ሆኖ ስለሚወጣ መዳቡ ብቻውን እየቀረ ነው አልኩት።

ዐዋጢፍ ሳቀች። ያ ጭስ የወጣ ቀን ማታ ማታ ወባ ይነሳብናል አለች። ሁለቱም ባንቀጠቀጣቸው ቁጥር የወባ ክኒን ይውጡ ነበር። እዚህ አገር ብርድ ብርድ ያለው ሰው ሌላ በሽታ አያስብም።

ደስ አለኝ፤ አልደብቅም። መምህር የሚያውቀው ነገር ሲገጥመው እንደሚሆነው ሆንኩ። ወባ እንዳልሆነ፣ ዚንኩ ራሱ እንደሚያንቀጠቅጥ፣ ማታ መጥቶ ጠዋት እንደሚለቅ አስረዳኋቸው። ክኒናችሁን በከንቱ አትጨርሱ አልኩ። ሞከሩት፤ ልክ እንዳልኩት ሆነ። ዐወድ ለገበያው ሁሉ አወራልኝ፤ እኔም ገበያ ስወጣ ትንሽ ቀና ብዬ መሄድ ጀመርኩ።

በጥቅምት ለክልሉ በዓል የባህል ቡድኑ ሁለት መቶ አምባር አዘዛቸው። በየቀኑ ያቀልጡ ጀመር። በሦስተኛው ቀን ማታ ዐዋጢፍን አንቀጠቀጣት። ጭሱ ነው፣ ጠዋት ይለቃል አላት ዐወድ። ጠዋት ሙሉ በሙሉ አልለቀቃትም፤ ሥራው ስለበዛ ነው ብላ እንደገና ወናፉ ላይ ተቀመጠች። ማታ ባሰባት። ክኒኑ ግድግዳው ላይ በተሰቀለ ፌስታል ውስጥ ነበር፤ ማንም አልነካውም። በማግስቱ የምትናገረው ሲምታታ ጎረቤቶች በቃሬዛ ሐኪም ቤት አደረሷት። ደሟ ሲታይ ወባ ነው፤ ወደ ጭንቅላቷ ወጥቷል ተባለ። ሐኪም ቤት በገባች በሁለተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ሞተች።

በኋላ ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ድሮ ሁሉንም ወባ ይሉት ነበር፤ ተሳስተዋል። ግን በዚያ ስህተት ምክንያት ጭስም ሆነ ወባ ክኒኑ ይዋጥ ነበር። እኔ መጥቼ ስህተታቸውን አረምኩት።

ለቅሶ ስደርስ ዐወድ አጠገቡ አስቀመጠኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፤ አልተቆጣም። ወደ እኔ ዞረ።

«ኡስታዝ፣ የጭስ ትኩሳትና የወባ ትኩሳት፣ መጀመሪያ ማታ ሰው በምን ይለያል?»

ደም ካልታየ በምንም አይለይም አልኩት።

«ይሄን ያኔ አንተ ታውቅ ነበር?»

አውቅ ነበር አልኩት።