በጉም ውስጥ የጠራችን ሸክላ ሠሪ

ዛሬ እናቴን በገዛ እጄ ገደል ልከታት ነበር። ወዳጆቼ፣ ተመስገን፣ ተርፈን አንኮበር ገብተናል!

እህቴ ስለ ወለደች ነው የመጣነው። እናቴን በበቅሎ አስቀምጬ ጎህ ሳይቀድ ከደብረ ብርሃን ተነሣን። የንጉሡ ስንቅ ጫኞች የሚሄዱበትን መንገድ ይዘን ስንጓዝ፣ ከቀትር በኋላ ጉሙ ድንገት ዋጠን።

በቅሎዋ አልሄድም ብላ ቆመች። ልጓሟን ስጎትት እግሬ የመታው ድንጋይ ቁልቁል ወረደ፤ ሲያርፍ ግን አልሰማሁትም። መጎተቴን ትቼ ባለሁበት ቆምኩ።

«የሰው ያለህ!» ብዬ ጮኽሁ።

«ማነህ? ካለህበት እንዳትነቃነቅ!» አለች አንዲት ሴት ከጉሙ ውስጥ።

እሷ እየጠራች፣ እኔ እየመለስኩላት ደረሰችልን። ጥላሸት በነካው እጇ ልጓሙን ይዛ ቤቷ አስገባችን።

ሸክላ ሠሪ ናት። ለእኛ ስትሮጥ የተወችው እሳት በርትቶ ማሰሮዎቿን ሰነጣጥቋቸዋል።

እናቴ ይህን ስታይ ደነገጠች። «ለማታውቂው ሰው ይህን ሁሉ? ለጽድቅ ብለሽ ነው ልጄ?»

«ጽድቁን እሱ ያውቃል እማማ» አለች እየሳቀች። «ጩኸቱን ሰምቼ ዝም ብል ግን እህል በጉሮሮዬ አይወርድም ነበር።»

እኔ ሰው ደግ የሚሆነው ሲኦልን ፈርቶ ወይም ምስጋና ሽቶ ይመስለኝ ነበር። እሷ ስማችንን እንኳ ሳትጠይቅ ጉሙ ሲገፈፍ መንገድ አስገባችን።

አሁን እናቴ የልጅ ልጇን ታቅፋ «ከልጄስ በቅሎዋ ትሻላለች» እያለች ለጠያቂው ሁሉ ታወራለች። እውነቷን ነው።

እናንተስ? ሳያውቃችሁ የደረሰላችሁን ሰው «ለምን?» ብላችሁት ታውቃላችሁ? ምን አላችሁ? እስቲ ንገሩኝ፤ ዛሬ ደግ ደጉን መስማት አምሮኛል።