የዩኒቨርሲቲ ጥጃ

ከጎንደር ወጣ ብላ ባለችው ኮሶዬ የወላጆቼ ጎረቤት የሆኑት አያ ደስታው ደውለው፣ "ልጄ ሰናይት ፈተናውን አልፋለች፤ ግን ከሁለት ዩኒቨርሲቲ የትኛውን እንደምታስቀድም ግራ ገብቷታል። አንተ የተማርክ አይደለህ? ናና ምከራት" አሉኝ። እኔ ደግሞ ምከር ከተባልኩ ቤቴ ቢቃጠልም አልቀርም። ክራባቴን አስሬ ከጎንደር በሚኒባስ ወጣሁ።

እውነቱን ልንገራችሁና ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ከስማቸው በቀር ልዩነት የላቸውም። ትምህርቱ አንድ፣ ርቀቱ አንድ፣ የውሃው መጥፋት ሳይቀር አንድ። ግን ክራባት አስሮ ኮሶዬ ድረስ የመጣ ሰው "ያው ናቸው" ይላል? ስለ ራእይና ስለ ተልእኮ ስለፈልፍ ሰናይት ስልኳን ትጎረጉራለች፤ አያ ደስታው ያዛጋሉ።

በመጨረሻ አቋረጡኝ።

"እኛ ላም ስንገዛ የሻጩን ወሬ አንሰማም፤ ጥጃዋን ነው የምናይ። አንተ ከየትኛዋ ወጣህ?"

ሰናይት ሁለቱን ስትነግረኝ መጀመሪያ ከጠራችው ነበር የተመረቅኩት። ደረቴን ነፍቼ ነገርኳቸው።

"እስኪ ቁም።"

ቆምኩ። ምን ላድርግ? ቦርጬን አዩ፤ ዞረው ከኋላ አዩኝ። ጥርሴንም እንዳይፈትሹ ብዬ አፌን ገጠምኩ።

"ሰናይት፣ ይችን ተያት" አሉ። "ከሌላይቱስ የወጣ ታውቃለህ?"

ክብሬን የማድንበት ቀዳዳ ያገኘሁ መሰለኝ።

"ባለቤቴ! እሷማ ብልህ ናት፤ አይታ፣ አመዛዝና ነው የምትመርጠው!"

አያ ደስታው ከእግሬ እስከ ራሴ እንደገና አዩኝ።

"አንተንም መርጣ ነው ያገባችህ?"

"አዎ።"

በረዥሙ ተነፈሱና ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"ሰናይት፣ ሦስተኛ የለም?"